ኦነሲሞስ ነሲብ

ኦነሲሞስ ነሲብ (1856 እ.ኤ.አ. ገደማ – ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ መምህር፣ ተርጓሚና የወንጌል ሰባኪ ነበሩ። መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ ኦሮምኛ በመተርጎም ይበልጥ ይታወቃሉ። ከአስቴር ጋኖ ጋር ያዘጋጁት የኦሮምኛ ማንበቢያ ግን ለትምህርት ቤት ታስቦ በቋንቋው ከታተሙት የመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት አንዱ ስለሆነ በትምህርት ታሪክ ውስጥም ትልቅ ቦታ አላቸው። በብዙዎች ዘንድ አባ ገመቺስ በሚለው ስምም ይጠራሉ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

== ልጅነትና ባርነት ==

ኦነሲሞስ የተወለዱት በኢሉባቦር ሁሩሙ አካባቢ ነው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሂካ ሲሆን ትርጉሙ ፈቺ ወይም ተርጓሚ ማለት ነው። ስሙ የወጣላቸው ገና በልጅነታቸው እንጂ ሥራቸው ታይቶ አለመሆኑን ማስታወስ ይገባል። አባታቸው የሞቱት እሳቸው የአራት ዓመት ልጅ ሳሉ ነበር። በ1869 ባሪያ ነጋዴዎች ከእናታቸው ነጥቀው ወሰዷቸው። ራሳቸው በኋላ ለስዊድን ሚስዮን አመራር በጻፉት የሕይወት ታሪክ እንደሚገኘው ምጽዋ እስኪደርሱ ድረስ ስምንት ጌቶች ተፈራርቀውባቸዋል።

ምጽዋ ላይ ነፃ ያወጧቸው የስዊስ ተወላጁ ቬርነር ሙንዚንገር ናቸው። ሙንዚንገር ልጁን በከተማዋ አጠገብ በምኩሉ ለነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ጣቢያ አስረከቡ። ይህ ሚስዮን ምጽዋ የገባው በ1866 ሲሆን ዓላማው ወደ ኦሮሞ አገር መድረስ ነበር። መንገዱ ስለተዘጋበት ግን ዳር ላይ ቀርቶ ነበር። ስለዚህ ሊደርሱበት ካልቻሉት አገር በባርነት ተሽጠው የመጡ ልጆች ለሚስዮኑ ተማሪዎች ብቻ አልነበሩም፤ የነገ መምህራን ሆነው ይታዩ ነበር። ልጁ ትጉህ ተማሪ ሆኑ። መጋቢት 31 ቀን 1872 በፋሲካ ዕለት ተጠምቀው ኦነሲሞስ ተባሉ። ስሙ ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ፊልሞና በላከው መልእክት ውስጥ ከሚገኘው ባሪያ የተወሰደ ነው።

በ1876 ወደ ስዊድን ተልከው በስቶክሆልም አቅራቢያ በብሮማ በሚገኘው በዮሐንስሉንድ የሚስዮናውያን ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተማሩ። ወደ ምጽዋ ተመልሰው ምሕረት ኃይሉን አገቡ።

== ወደ አገር ለመግባት የተደረጉ ሁለት ጉዞዎች ==

ከስዊድን በተመለሱበት በ1881 ወደ ወለጋ ለመግባት ከተነሳው ቡድን ጋር ተቀላቀሉ። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የውጭ ሚስዮናውያንን ስለማይፈልጉ ቡድኑ የመረጠው በሱዳን በኩል የሚዞረውን መንገድ ነበር። አሶሳ አካባቢ ከደረሱ በኋላ ግን ወደ ፊት ማለፍ አልቻሉምና ወደ ፋማካ ተመለሱ። እዚያ የቡድኑ መሪ አሬኒዩስና ኦነሲሞስ ታመሙ። ኦነሲሞስ ራሳቸው ታመው ሳለ መሪያቸውን ቢያስታምሙም ሊያተርፏቸው አልቻሉም። የተረፉትን መርተው ሚያዝያ 10 ቀን 1882 ካርቱም ገቡ። ጊዜው የማህዲስቶች ዓመፅ የተቀጣጠለበት ነበር፤ ቢሆንም በመጨረሻ ምጽዋ ተመለሱ።

ሁለተኛው ሙከራ በሸዋ በኩል ሲሆን በ1886 እንጦጦ ድረስ ዘለቀ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ግን የበላያቸው የዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ስላለ ወደ ወለጋ እንዲያልፉ ሊፈቅዱላቸው እንደማይችሉ ነገሯቸው። የዚህ ትእዛዝ ሥር ወደ ወሎ ይመለሳል። በ1878 ዐፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት ቦሩ ሜዳ ላይ የተካሄደው ጉባኤ የሃይማኖት አንድነትን አወጀ። በተከታዩ ዓመት ለብዙ ዘመን በሸዋና በኦሮሞ አገር የቆዩት የካቶሊኩ ሚስዮናዊ ማሳያ ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። የኦነሲሞስ ቡድን እንጦጦ ሲደርስ በሩ አስቀድሞ ተዘግቶ ነበር ማለት ይቻላል።

ወደ ምኩሉ ተመለሱና ቀድሞ የጀመሩትን የትርጉም ሥራ ቀጠሉ። ሰውየው ወደ አገራቸው መግባት ስላልቻሉ መጽሐፉ ቀድሟቸው እንዲገባ መሥራት ነበረባቸው። በእርግጥ ለትምህርት ቤት የሚሆነውን ሥራ የሠሩት በዚህ የመጠበቅ ዘመን ነው።

== የአስቴር ጋኖ ድርሻ ==

ትርጉሙን ሲጀምሩ ያልጠበቁት ችግር ገጠማቸው። ከቤታቸው የተወሰዱት በልጅነት ስለሆነ ኦሮምኛቸው የልጅ ኦሮምኛ ሆኖ ቀርቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የኖሩት በሌሎች ቋንቋዎች ነው። ሰዋስው ቢያውቁም ሽማግሌ የሚናገረውን አነጋገር፣ ተረቱንና ምሳሌውን፣ የሥራና የቤት ቃላቱን አያውቁም ነበር። ባርነት ከወሰደባቸው ነገሮች ሁሉ በሥራቸው ላይ በግልጽ የሚታየው ይህ ነው።

ክፍተቱን የሞሉት አስቴር ጋኖ ናቸው። አስቴር በ1872 ገደማ የተወለዱ ሲሆን በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ በባርነት ኖረዋል። በ1886 ወደ ዐረብ አገር ሊሸጡ በጀልባ ሲወሰዱ የጣሊያን መርከቦች ጀልባዋን በባሕር ላይ አስቁመው ነፃ አወጧቸው። ጣሊያን ምጽዋን የያዘችው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነበር። አስቴርም ወደ ምኩሉ ተወስደው በሚስዮኑ ትምህርት ቤት ተማሩ። የቋንቋ ችሎታቸው ወዲያው ታወቀ። ሚስዮኑ ባቋቋመው የቋንቋ ቡድን ውስጥ ገብተው ወደ 15,000 የሚጠጉ ቃላትን ለመዝገበ ቃላት ሰበሰቡ። ከዚህም በላይ ከልጅነታቸው የሚያስታውሷቸውን ወደ 500 የሚሆኑ የኦሮሞ ዘፈኖች፣ ተረቶችና አፈ ታሪኮች በጽሑፍ አሰፈሩ።

የኦነሲሞስ ስም በሰፊው ሲታወቅ የአስቴር ስም ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ብቻ ይታለፋል። ሆኖም ማንበቢያው የወጣው በሁለቱም ስም ነው፤ በውስጡ ያለው ጽሑፍም አብዛኛው የአስቴር ነው። ከባሕር ላይ የተወሰደች የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በጭንቅላቷ ይዛው የመጣችው ሀብት ባይኖር ኖሮ መጽሐፉ ከስዊድንኛ የተገለበጠ የሃይማኖት ትምህርት ብቻ ይሆን ነበር።

== ማንበቢያው ==

«ጀልቀበ በርሲሳ» በ1894 ምኩሉ ውስጥ ታተመ። ስሙ የማስተማር መጀመሪያ እንደማለት ነው። 174 ገጾች ሲኖሩት የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው። ከፊደልና ከቃላት ጀምሮ አስቴር ወደ ሰበሰቧቸው ተረቶችና ግጥሞች ይሸጋገራል።

የመጽሐፉን አዲስነት ለመረዳት በዚያ ዘመን አንድ ልጅ ማንበብ የሚማርበትን መሣሪያ ማየት ያስፈልጋል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ልጁ በብራና ላይ የተጻፈ ፊደል ይዞ ከየኔታ እግር ሥር ይቀመጥና ፊደልን፣ አቡጊዳን፣ ከዚያም የዮሐንስን መልእክት ያነባል፤ ቀጥሎ ዳዊት ይደግማል። የሚያነበው ግዕዝ ስለሆነ ድምፁን ቢያወጣም ትርጉሙን የሚያውቀው ቆይቶ ነው። ከሰንበቴ እስከ ከሚሴና ባቲ ባለው የወሎ ኦሮሞ አገር ደግሞ ልጆች የሚማሩት በቁርኣን ትምህርት ቤት ነበር፤ መሣሪያው ሉሕ የሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ነው። ልጁ የዕለቱን ክፍል በቀለም ይጽፍበታል፣ በቃሉ ይይዘዋል፣ ከዚያም ሰሌዳውን አጥቦ ሌላ ይጽፋል። ሉሕ ርካሽና ዘላቂ ከመሆኑም በላይ ማንበብንና መጻፍን አንድ ላይ ያስተምራል፤ በዚህ በኩል ከብዙ ዘመናዊ መሣሪያ አያንስም። ትናንት የተማሩት ግን ታጥቦ ስለሚሄድ የሚቀረው በቃል የተያዘው ነው። በሁለቱም ትምህርት ቤቶች ልጁ የሚያነበው በቤቱ የማይነገር ቋንቋ ነበር።

የታተመው ማንበቢያ ሁለቱንም ነገር ቀየረ። ሃያ ልጆች አንድ ዓይነት ገጽ ከፍተው አብረው ማንበብ ይችላሉ፤ ገጹም ነገ እዚያው ይገኛል። ተማሪው ወደ ቤቱ ይዞት ሄዶ ማንበብ ለማያውቅ ቤተሰቡ ሊያነብለት ይችላል፤ ሰሚዎቹም ተረቱን አስቀድመው ያውቁታል። ከዚህ የተነሳ ገና ፊደል የሚቆጥር ልጅ ስህተቱን ከአያቱ ሊሰማ ይችላል። ተረቱን የሚያውቅ ሰው ቃሉ ሲዛነፍ ወዲያው ይሰማዋልና። ከዓለም የትምህርት ሊቃውንት ብዙዎቹ በእናት ቋንቋ ማንበብ መጀመርን የሚደግፉበት ምክንያት በዚህ መጽሐፍ አሠራር ውስጥ አስቀድሞ ይታያል።

ለኦሮምኛ ጽሑፍ ኦነሲሞስ የመጀመሪያው አልነበሩም። ጀርመናዊው ክራፕፍ ከ1839 ጀምሮ በሸዋ አንኮበር ተቀምጠው ቋንቋውን አጥንተው ነበር። በ1842 በወሎ በኩል ሲወጡ አዳራ ቢሌ በተባለው የአካባቢው ገዢ ተይዘው ንብረታቸው ተዘርፏል። በኋላም አውሮፓ ሆነው ሩፎ በተባለ ኦሮሞ እርዳታ፣ ከኢትዮጵያም በደብተራ ዘነብ ሥራ የአዲስ ኪዳን ክፍሎችን አሳትመዋል። እነዚያ ትርጉሞች የተዘጋጁት ለሰባኪዎች ነበር። ከፊደል ጀምሮ ደረጃ በደረጃ የሚያስተምር፣ በሕዝቡ ተረት የተሞላ የልጆች መጽሐፍ ግን ሌላ ነገር ነው።

== የፊደልና የኅትመት ጉዳይ ==

ማንበቢያውም መጽሐፍ ቅዱሱም የታተሙት በግዕዝ ፊደል መሆኑ ሁለት ዓይነት ውጤት ነበረው። በአንድ በኩል ፊደሉ በአገሩ የታወቀ ስለሆነ አማርኛ የተማረ ሰው ኦሮምኛውንም ወዲያው ሊያነብ ይችል ነበር። በሌላ በኩል የፊደሉ ሥርዓት ከቋንቋው ድምፆች ጋር ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። በኦሮምኛ የአናባቢ መርዘምና ማጠር የቃሉን ትርጉም ይለውጣል። ለምሳሌ ቦና ተብሎ የሚጻፈው በአጭር አናባቢ ሲነበብ በጋ ማለት ሲሆን በረጅም ሲነበብ ኩራት ነው። የተናባቢ መጥበቅም እንዲሁ ነው፤ ባዳ ላልቶ ሲነበብ መጥፎ፣ ጠብቆ ሲነበብ ደጋ ይሆናል። የግዕዝ ፊደል መጥበቅን አያሳይም። ይህ ችግር በአማርኛም አለ፤ ገና እና ገና፣ አለ እና አለ የሚለያዩት በንባብ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ከዐረፍተ ነገሩ ስለሚረዳው ብዙም አይቸገርም። ኦሮምኛ ግን መጥበቅና መርዘም ተደርበው ስለሚመጡበት ጀማሪ አንባቢን ያደናግራል። በተጨማሪም በአማርኛ የሌለ ድምፅ አለው፤ ለእሱ ከደ የተቀጸለ ዸ የሚባል ፊደል ከነዘሩ ወጥቶለታል።

ሌላው ችግር ማተሚያው ነበር። የዚያን ጊዜ ኅትመት በእርሳስ በተቀረጹ ፊደላት ይሠራ ነበር፤ ፊደል ለቃሚው እያንዳንዱን ከሣጥኑ አንስቶ በተራ ይደረድራል። ለላቲን ፊደል ጥቂት ደርዘን ቅርጾች ይበቃሉ። ለግዕዝ ግን 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹና ለኦሮምኛ የተጨመሩት ሲደመሩ ከዚያ ያልፋሉ። ስለዚህ ሣጥኑ ሰፊ፣ ሥራው አዝጋሚ፣ ስህተቱም ብዙ ነው። ሀ እና ሁ ወይም ለ እና ሉ የሚለያዩት በአንዲት ቅጥያ ስለሆነ ቋንቋውን የማያውቅ ሠራተኛ ሲሳሳት አይታወቀውም።

አዲስ ኪዳን በ1893 ምኩሉ ውስጥ ታተመ። መላው መጽሐፍ ቅዱስ ግን ለዚያ ማተሚያ ቤት ከባድ ስለነበር ወደ ስዊዘርላንድ ተላከ። በባዝል አጠገብ በሚገኘው በቅዱስ ክሪስቾና የነበረው ማተሚያ ቤት የግዕዝ ፊደል የነበረው ሲሆን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስንም በ1886 አትሟል። ኦነሲሞስ ራሳቸው ወደዚያ ተጉዘው የፊደል ለቀማውንና የእርማቱን ሥራ ተቆጣጠሩ። ከፊደል ለቃሚዎቹ ጀርባ ቆሞ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ባይኖር ኖሮ መጽሐፉ በስህተት ይሞላ እንደነበር መገመት አያዳግትም። ሥራው በ1899 ተጠናቀቀ። በአጋጣሚ ልክ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1999፣ የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ ገብቶ በኮምፒውተር የራሱን ቁጥር ሲያገኝ ዸ እና ዘሮቹም አብረው ገቡ። ዛሬ በየትኛውም ስልክ ላይ የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

== ቦጂ፣ ነጆና ነቀምቴ ==

ወደ ወለጋ የሚወስደው መንገድ የተከፈተው ከትውልድ አገራቸው ከተወሰዱ ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ ነው። በ1898 ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤልና ዳንኤል ሉሉ ቀድመው ቦጂ ደርሰው ማስተማር ጀምረው ነበር። በ1904 ኦነሲሞስ፣ አስቴርና ሌሎች ነፃ የወጡ ኦሮሞዎች ከኤርትራ ተነስተው ተከተሏቸው። ቦጂና ነጆ ላይ ከቆዩ በኋላ መኖሪያቸው ነቀምቴ ሆነ። የወለጋው ገዢ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞረዳ) በደስታ ተቀበሏቸው።

ትምህርት ቤታቸው የያዘው መሣሪያ ለአካባቢው አዲስ ነበር። መጽሐፉ የታተመ፣ ቋንቋው የልጆቹ፣ ከመምህራኑም አንዷ መጽሐፉን የጻፉት ሴት ነበሩ። በ1894 የታተመው ማንበቢያ ለታሰበላቸው ልጆች እጅ የገባው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው።

ችግሩ ብዙ አልቆየም። የሚሰብኩት ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ስለነበር ብዙ ሰው ይከተላቸው ጀመር፤ ኦሮምኛ የማያውቁት የአካባቢው ካህናትም ቅር ተሰኙ። የሃይማኖት ልዩነቱም እውነተኛ ነበር፤ ኦነሲሞስ ለእመቤታችን ለማርያም የሚቀርበውን ክብር አይቀበሉም ነበርና ካህናቱ ድንግልን ይሰድባል ብለው ከሰሷቸው። በግንቦት 1906 አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀርበው ግዞት ተፈረደባቸው። ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን ሻሩት፤ ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቅደው እንዳይሰብኩ ግን ከለከሏቸው።

ከዚያ በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል በአደባባይ የሚታየው ሥራቸው ማስተማር ብቻ ሆነ። ግዞቱ በላያቸው እንደተንጠለጠለ ልጆችን ፊደል አስቆጠሩ። ስብከታቸው ባይከለከል ኖሮ ለክፍል ውስጥ ሥራ ያን ያህል ጊዜ ይሰጡ እንደነበር ያጠራጥራል። ወሎ ውስጥ ስለ ኦነሲሞስ የሚሰማ ሰው ሃይማኖታቸውን ብቻ አይቶ ጉዳዩ የኔ አይደለም ሊል ይችላል፤ የነቀምቴው አሥር ዓመት ግን የመምህር ታሪክ ነው። በ1916 ልጅ ኢያሱ ሃይማኖታቸውን እንዲሰብኩ ፈቀዱላቸው። ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ቢወርዱም ፈቃዱን የሻረው አልነበረም። ኦነሲሞስ እስከ ዕለተ ሞታቸው መጻሕፍታቸውን እያደሉና እያስተማሩ ኖረው ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም. ነቀምቴ ውስጥ አረፉ። አስቴር ጋኖ ከእሳቸው በኋላ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖረዋል።

== ከሞታቸው በኋላ ==

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የወጣው የ1944ቱ የሚስዮን ድንጋጌ የማስተማሪያ ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን ስላዘዘ የኦሮምኛ መጻሕፍት ከትምህርት ቤት ወጡ። ማንበቢያው ያለ ክፍል ቀረ። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ኦሮምኛ እንደገና በግዕዝ ፊደል መታተም ጀመረ፤ በሪሳ ጋዜጣ በ1975 ወጣ። በ1979 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ኦሮምኛን ጨምሮ በ15 ቋንቋዎች ተካሂዷል። በ1991 ደግሞ ቁቤ የተባለው የላቲን ፊደል ተመረጠ። ቁቤ አናባቢውንም ተናባቢውንም ደግሞ በመጻፍ መርዘምንና መጥበቅን ስለሚያሳይ ኦነሲሞስ የገጠማቸውን የቦናና የባዳ ችግር ፈትቷል። በአንጻሩ በግዕዝ ፊደል የተጻፈውን የ1894ቱን መጽሐፍ የዛሬ ተማሪ ለማንበብ ሌላ ፊደል መማር ይኖርበታል።

በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ይህ ጉዳይ የዕለት ተዕለት ነው። በዞኑ ዋና ከተማ በከሚሴ፣ በባቲ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በጂሌ ጥሙጋ ወረዳ ከተማ በሰንበቴ ልጆች አንደኛ ደረጃን በኦሮምኛ በቁቤ ይማራሉ፤ አማርኛን በግዕዝ ፊደል፣ እንግሊዝኛን ደግሞ እንደገና በላቲን ይጨምራሉ። ቁርኣን የሚቀራ ልጅ የዐረብኛውን ፊደል ስለሚያክል በሳምንት ውስጥ ሦስት ዓይነት ጽሕፈት ያነባል። እሑድ በሚቆመው በሰንበቴ ገበያ አርጎባው፣ አማራው፣ አፋሩና ኦሮሞው ሲገናኝ የሚሰማው የቋንቋ ብዛት በልጁ ደብተርም ውስጥ አለ።

ከ2004 ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ በሚባለው የሳተላይት ቴሌቪዥን ሲማሩ የተነሳው ቅሬታም ከዚህ ታሪክ ጋር ይያያዛል። ትምህርቱ የሚተላለፈው ከአዲስ አበባ በእንግሊዝኛ ስለነበር መምህሩ ሊያስቆመው ወይም ወደ ኋላ ሊመልሰው አይችልም ነበር፤ ያልገባው ተማሪም ያልፈዋል። የኦነሲሞስና የአስቴር መጽሐፍ በዚህ በኩል የተሻለ መሣሪያ ነበር፤ ገጹ ተማሪውን ይጠብቃል፣ ቋንቋውም ከቤት የመጣ ነው። በእርግጥ ማንበቢያው ፊዚክስ አያስተምርም፤ ፕላዝማውም ላቦራቶሪ የሌለበት ትምህርት ቤት ሙከራ እንዲያይ አድርጓል። ለማነጻጸር የሚያበቃው ሁለቱም ከሩቅ ተዘጋጅተው ወደ ገጠር ክፍል የተላኩ መሆናቸው ነው። አንደኛው ከመላኩ በፊት የተቀባዩን ቋንቋ ጠይቋል።

በምዕራብ ወለጋ አይራ የሚገኘው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት በኦነሲሞስ ነሲብ ስም ይጠራል።